የኤሌክትሪክ ኃይልን ያለ ሽቦ ስለ ማስተላለፍ፤ ከቴስላ ግንብ እስከ ብራውን ሬክቴና

ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የክርክር ምሽት ላይ «የኤሌክትሪክ ኃይል ያለ ሽቦ ከቦታ ወደ ቦታ ሊተላለፍ ይችላልን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወገን፣ እኛም በዚያው ወገን ነበርን፣ ነገሩ ከመቶ ዓመት በፊት በኒኮላ ቴስላ እጅ ተፈጽሞ እንደነበረና ባለ ገንዘቦች ግን ከቆጣሪ የሚያገኙት ገቢ እንዳይቀርባቸው ብለው እንዳፈኑት ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ክርክሩንም ረታን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት መጻሕፍትና የምርምር መጽሔቶች ስናገላብጥ ግን ያ ድል የማይገባን እንደነበረ ተረዳን። ስለዚህ የጽሑፋችን አሳብ የነገሩን ታሪክ ከመነሻው ለመተረክና በዚያ ምሽት የተናገርነውን ለማረም ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሳይለይ የቀረ፣ በክርክራችንም ጊዜ ያሳሳተን አንድ ነገር አለ። ይኸውም መልእክትን ያለ ሽቦ መላክና ኃይልን ያለ ሽቦ መላክ አንድ ነገር አለመሆናቸው ነው። የራዲዮ ጣቢያ ብዙ ኪሎዋት ኃይል ወደ አየር ይረጫል፤ በቤታችን ያለው ራዲዮ ግን ከዚያ የሚያገኘው ከዋት ሚሊዮንኛ እጅግ ያነሰ ነው። ይህ አያሳዝነውም፤ የራሱ ባትሪ ስላለው ያችን ቅንጣት አጉልቶ ድምፅ ያደርጋታል። መልእክተኛ ስንቁን ሁሉ በመንገድ ጨርሶ ባዶ እጁን ቢደርስ ቃሉን እስከ ተናገረ ድረስ ተልእኮው ተፈጸመ ይባላል። እህል የጫነ አጋሰስ ግን ጆንያው ተቀዶ እህሉን በየመንገዱ እያፈሰሰ ቢመጣ ባለቤቱ ምን ይበላል? ኃይል የሚልክ ሰው ጉዳዩ ከአጋሰሱ ባለቤት ጉዳይ ጋር አንድ ነው። በኮረብታ አናት ላይ የምናያቸው ከበሮ መሳይ የስልክ አንቴናዎችም በማይክሮዌቭ ይሠራሉ፤ ሥራቸው ግን የመልእክተኛው እንጂ የአጋሰሱ አይደለም።

የጀርመኑ ሊቅ ሄይንሪክ ኸርዝ በ1887ና በ1888 በካርልስሩኸ ከተማ ባደረገው ምርመራ፣ ማክስዌል በሒሳብ የተናገረለት የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ በእርግጥ መኖሩን አረጋገጠ። ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው የኸርዝ ሥራ የመስተዋቶቹ ነው። ከዚንክ ቆርቆሮ ሁለት ጎድጓዳ መስተዋቶችን ሠርቶ፣ በአንዱ ሥር የተፈነጠቀው ሞገድ እንደ ብርሃን ጨረር ተሰብስቦ ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ አደረገ። የሞገዱም ርዝመት ወደ 66 ሳንቲ ሜትር ነበር። እንግዲህ ሞገድን በመስተዋት ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ መላክ እንደሚቻል ገና ከመጀመሪያው ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ከኸርዝ በኋላ በ1895 የህንዱ ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ እጅግ አጫጭር የሆኑ ሞገዶችን ይዞ በካልካታ ለሕዝብ ትርኢት አሳየ። ሞገዱ ግድግዳ አልፎ በሩቅ ያለ ደወል ደወለ፤ ባሩድም አቃጠለ። ይህን ያየ ሰው ኃይል ተላከ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ደወሉን የደወለው በዚያው በደወሉ አጠገብ የነበረ ባትሪ ነው፤ ከሩቅ የመጣው ሞገድ ያደረገው ቢኖር የባትሪውን መንገድ መክፈት ብቻ ነበር። ይህም ከመልእክት ወገን የሚቆጠር ነው።

አሁን ወደ ቴስላ እንመለስ። ስለ እርሱ የሚነገረው ብዙ ስለሆነ ጥቂት ቆም ብለን መመርመር ይገባናል። ቴስላ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞተር የፈለሰፈ ታላቅ ሰው መሆኑ አያከራክርም። በ1891 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ኮሌጅ ለኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ንግግር ሲያደርግ፣ ከምንም ሽቦ ጋር ያልተያያዘ የመስተዋት ቱቦ በእጁ ይዞ ሲበራ አሳይቷል። በ1899 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ቤተ ሙከራ አቁሞ ሰው ሠራሽ መብረቅ እስከ ማብረቅ ደረሰ። በዚያ ሳለም ከ40 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት 200 አምፖሎችን ያለ ሽቦ አበራ የሚል ወሬ በየመጽሐፉ ይገኛል። እኛም በክርክሩ ምሽት ንግግራችንን የከፈትነው በዚህ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍም የመጀመሪያ ረቂቅ በዚሁ ይጀምር ነበር። ለታሪኩ ግን ምንም ማስረጃ አልተገኘለትም። በዚያ ዘመን በየቀኑ የጻፈው የምርመራ ማስታወሻ በ1978 በቤልግሬድ ታትሞ ወጥቷል፤ ያንን የመረመሩ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ሙከራ አላገኙበትም። ስለዚህ አንቀጹን ከረቂቃችን ሰረዝነው። ከጽሑፉ ያማረው ክፍል እርሱ ስለነበረ መሰረዙ ቅር ሳያሰኘን አልቀረም።

ቴስላ ወደ ኒው ዮርክ ከተመለሰ በኋላ በሎንግ አይላንድ ዋርደንክሊፍ በተባለ ስፍራ በ1901 ታላቅ ግንብ ማሠራት ጀመረ። የግንቡ ቁመት 57 ሜትር ነበር። ገንዘቡን፣ ይኸውም 150,000 ዶላር፣ የሰጠው ባለ ባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን ሲሆን፣ የሰጠውም ውቅያኖስ ተሻግሮ ቴሌግራም ለማስተላለፍ ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ማርኮኒ ምልክቱን ከእንግሊዝ አገር ወደ ኒውፋውንድላንድ አሻገረ። ቴስላ ዋጋው የናረበትን ግንብ ለመጨረስ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ አሳቡ ከቴሌግራም አልፎ ኃይልን ለዓለም ማደል መሆኑን ለሞርጋን ገለጠ። ሞርጋን በ1903 አልሰጥም አለ። ግንቡም ሳይፈጸም ቆይቶ በ1917 ፈርሶ ብረቱ ተሸጠ።

እንግዲህ «ገንዘብ ከለከለው» የሚለው ቃል በከፊል እውነት ነው። ዳሩ ግን ገንዘቡ ቢገኝ ኖሮስ? ቴስላ የኸርዝን ሞገዶች ለኃይል አይጠቅሙም ብሎ ንቆአቸው ነበር። የእርሱ አሳብ ምድርን ራስዋን እንደ ሽቦ አድርጎ መጠቀም ነበር። የተጠቀመበትም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሞገዱ ርዝመት በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በምንም መስተዋት ሊሰበሰብ የሚችል አልነበረም። ኃይሉ በምድሪቱና በአየሩ ይበተናል እንጂ ወደ ፈለጉት ቤት አይሄድም። ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት ግንቡን ሞርጋን ባያቆመው ኖሮ የተፈጥሮ ሕግ ያቆመው ነበር። ቴስላ አሳቡን ከሰው ሁሉ በፊት ማሰቡ ክብሩ ነው። የሚገርመው ግን በመጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው መንገድ እርሱ የናቀው የኸርዝ መስተዋት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽቦ ጥቅልሎች ጥቂት እንናገር፤ ብዙ ሰው ከጨረሩ ጋር ያደባልቃቸዋልና። ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎችን አጠጋግቶ በአንዱ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲሰዱበት በሁለተኛው ኤሌክትሪክ ይነሣል። እኛም በቤተ ሙከራ ሁለት ጥቅልሎች ሠርተን ሞክረነው ነበር። በስንዝር ርቀት ትንሿ አምፖል ጥሩ አድርጋ በራች፤ በክንድ ርቀት ግን የበራች መሆኗን ለማወቅ መጋረጃውን መዝጋት አስፈለገን፤ ከዚያ አልፎ ጨለማ ሆነ። በ2007 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መርማሪዎች ሁለቱ ጥቅልሎች በአንድ ምት እንዲርገበገቡ አድርገው፣ 60 ዋት አምፖል በ2 ሜትር ርቀት ከመቶ 40 እጅ ያህል በሆነ ውጤት አብርተዋል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ርቀቱ ከጥቅልሉ ስፋት ሦስት እጥፍ ቢያልፍ ነው፤ ለስልክና ለመኪና ባትሪ መሙያ ይሆናል እንጂ ወንዝና ተራራ የሚሻገር አይደለም። ርቀት የሚሻ ሰው ወደ ጨረር መመለስ አለበት።

በ1930ዎቹ ዓመታት የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ በሁለት ተመሳሳይ አንቴናዎች መካከል በ8 ሜትር ያህል ርቀት ጥቂት መቶ ዋት ማስተላለፉ ይታወቃል፤ በቺካጎ የዓለም ትርኢት ላይም ታይቷል። ሞገዱ 3 ሜትር ርዝመት የነበረው ሲሆን የሚሰበስበው መስተዋት አልነበረውም። ለመስተዋት የሚመች አጭር ሞገድ በታላቅ ኃይል የሚያፈልቅ መሣሪያ ገና አልተገኘምና ነገሩ በዚሁ ቆመ።

ያንን መሣሪያ ያመጣው ጦርነት ነው። በፌብሩዋሪ 1940 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ከመዳብ የተቦረቦረ ማግኔትሮን ሠርተው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞገድ በብዙ መቶ ዋት ኃይል አፈለቁ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር አንድ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መሣሪያውን በሣጥን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ማግኔትሮኑን በብዛት ከሠሩት አንዱ በማሳቹሴትስ የነበረው ሬይቲዮን የተባለው ኩባንያ ነው። የዚያ ኩባንያ ሰው ፐርሲ ስፔንሰር፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ ያልጨረሰ ሲሆን፣ በ1945 ማግኔትሮን ምግብ ሊያሞቅ እንደሚችል አስተውሎ የማይክሮዌቭ ምድጃን አወጣ። ለራዳር የተሠራው መሣሪያ ሰላም ሲሆን ወደ ማድ ቤት መግባቱ ለእኛ ታሪክ ጠቅሟል። የምድጃው ሞገድ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለውና ለኢንዱስትሪ ሥራ ተፈቅዶ ስለተመደበ፣ መሣሪያውም በርካሽ ስለሚገኝ፣ ደመናና ዝናብም እምብዛም ስለማያግዱት፣ በኋላ ኃይልን ለመላክ የተነሡት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ሞገድ መርጠዋል።

ከእነዚህ ሰዎች ዋናው በዚያው በሬይቲዮን ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ዊልያም ብራውን ነው። ብራውን አምፕሊትሮን የተባለ የማይክሮዌቭ ማጉያ መሣሪያ በ1950ዎቹ ዓመታት ፈልስፎ ነበር፤ ይህም እያደገ ሄዶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 400 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል ያወጣ ጀመር። እንግዲህ ሰጪው ወገን ተዘጋጀ። በ1959 ኩባንያው አንድ አሳብ ለአሜሪካ መንግሥት አቀረበ፤ ይኸውም ከምድር በሚላክ የማይክሮዌቭ ጨረር እየተመገበ በሰማይ ከፍታ ላይ ሳይወርድ የሚቆም ሄሊኮፕተር ለመሥራት ነው። ነገር ግን ትልቅ ጉድለት ነበረ። በሴኮንድ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጠውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ሞተር ሊያዞር ወደሚችል ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ አልነበረም። የመላኩ መሣሪያ ሞልቶ የመቀበሉ መሣሪያ ጠፋ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ቁልፉ ይህ ነው፤ ስለ ግንቡና ስለ መብረቁ ብዙ ሲጻፍ ስለ ተቀባዩ ግን በጥቂቱ መጻፉ ያሳዝናል።

በ1963 ብራውን በቤተ ሙከራው ውስጥ 5 ሜተር ተኩል ያህል ርቀት ኃይል ልኮ 100 ዋት ያህል ተቀበለ፤ በእርሱም አንድ ሞተር አዞረ። ለመለወጫ የተጠቀመበት ግን የሚግል የቫኪዩም ቱቦ ሲሆን ዕድሜው እጅግ አጭር ነበር። በዚያው ጊዜ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሮስኮ ጆርጅ የተባለ መምህር ጥቃቅን የሴሚኮንዳክተር ዲዮዶችን እጅብ አድርጎ በመሥራት ማይክሮዌቭን ይለውጥ ነበር። እያንዳንዷ ዲዮድ የምትሸከመው ኃይል ከዋት ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ብዙ ማሰባሰብ ያስፈልግ ነበር።

የብራውን ብልሃት የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሄሊኮፕተር በነፋስ ይወዛወዛል። በሆዱ ላይ የመስተዋት ሰሐን ቢገጠምለት፣ ሰሐን በትክክል ወደ ጨረሩ ካልዞረ አይቀበልምና፣ ትንሽ ሲያዘነብል ኃይሉ ይቋረጥና ይወድቃል። ስለዚህ ብራውን ሰሐኑን ጨርሶ ተወው። ዲዮዶቹን ከቱቦው አውጥቶ፣ እያንዳንዳቸውን የሞገዱን ግማሽ ያህል ርዝመት ባላቸው፣ ይኸውም 6 ሳንቲ ሜትር በሚሆኑ፣ ጥቃቅን የሽቦ አንቴናዎች መካከል አስገባ። እያንዳንዱ አንቴና የደረሰውን ኃይል እዚያው በቦታው ለውጦ ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ይደመራል። አንቴናው ትንሽ ስለሆነ ጨረሩ ከወዲህም ከወዲያም ቢመጣበት ይቀበላል፤ የሚባክነውም ሙቀት በሰፊው ስለተሰራጨ ነፋስ ያበርደዋል። ይህን ተቀባይ ሬክቴና ብለው ጠሩት፤ በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጠበት።

በ1964 የመጨረሻ ወራት በማሳቹሴትስ በርሊንግተን በሚገኘው የኩባንያው ቤተ ሙከራ ግቢ ሄሊኮፕተሩ ለጋዜጠኞች ታየ። የሬክቴናው ስፋት በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በዚያ ላይ 4,480 ዲዮዶች ተሰክተውበት ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ኃይል ቢበዛ 270 ዋት ነው፤ ከአንድ የልብስ ካውያ በጣም ያንሳል። ይህን ያህል ዲዮድ በእጅ እያገናኙ የበየዱትን ሠራተኞች ስም የታሪክ መጽሐፍ አላነሣውም። ሄሊኮፕተሩ 15 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለ10 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ቆየ። ባትሪም ቤንዚንም አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር ግን በነፃ አልበረረም፤ ከጨረሩ እንዳይወጣ ከላይ እስከ ታች በተወጠሩ ገመዶች መካከል ወጥቶ ይወርድ ነበር እንጂ ወደ ጎን መሄድ አይችልም ነበር። ጨረሩን ራሱ እየተከተለ ቦታውን የሚጠብቅ ሄሊኮፕተር ብራውን ያሳየው በ1968 ነው።

በዚህ ዘመን ገደማ የሒሳቡም መሠረት ተጥሎ ነበር። ጉባውና ሽቬሪንግ የተባሉ ሊቃውንት በ1961 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጨረር ሳይበተን ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል አስረዱ። ከእነርሱ ሥራ የተገኘውን መለኪያ በቀላል ቋንቋ እንዲህ ልናስቀምጠው እንችላለን። የሰጪውን አንቴና ስፋት በተቀባዩ አንቴና ስፋት እናባዛለን። እንደገና የሞገዱን ርዝመት በርቀቱ አባዝተን የተገኘውን በራሱ እናባዛለን። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል ውጤቱ 4 ያህል ከሆነ፣ ጨረሩ ሁሉ ማለት ይቻላል ከተቀባዩ ላይ ያርፋል፤ ከ1 እያነሰ በሄደ መጠን ግን አብዛኛው በጎን ያልፋል።

ይህን መለኪያ ይዘን ለራሳችን አንድ ስሌት ሠራን። አንድ ሰው ከ10 ኪሎ ሜትር ርቀት በ12 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ኃይል ሊልክልንና በ1 ሜትር ሰሐን ልንቀበለው ብንፈልግ፣ ሳይባክን እንዲደርሰን የሰጪው ሰሐን ከዳር እስከ ዳር 3 ኪሎ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ሁለቱ እኩል ይሁኑ ብንል ደግሞ እያንዳንዳቸው 56 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በክርክሩ ምሽት ይህን ስሌት የሚያውቅ አንድ ተቃዋሚ ቢነሣብን ኖሮ ምን እንመልስ ነበር? ኃይልን በጨረር ለየቤቱ ማደል የማይሆነው ከክፋት የተነሣ ሳይሆን ከሞገድ ጠባይ የተነሣ ነው። የመሣሪያ ብልጫ ዲዮዱን ሊያሻሽል ይችላል፤ ይህን መለኪያ ግን ሊሽረው አይችልም።

ዲዮዱስ በእርግጥ ተሻሻለ። በ1975 ብራውን በቤተ ሙከራ ውስጥ ከሰጪው የኤሌክትሪክ መግቢያ እስከ ተቀባዩ መውጫ ያለውን ሁሉ ሲለካ፣ ከገባው ኃይል ከመቶ 54 እጅ መውጣቱን ገለልተኛ የሆኑ መርማሪዎች ባሉበት አረጋገጠ። ርቀቱ ግን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ በረሃ በጎልድስቶን የጠፈር መከታተያ ጣቢያ ታላቁ ሙከራ ተደረገ። ሰጪው ለጠፈር መንኮራኩሮች ምርምር የተሠራ 26 ሜትር ስፋት ያለው ሰሐን ሲሆን እስከ 450 ኪሎዋት ይልክ ነበር። ተቀባዩ በ1.54 ኪሎ ሜትር ርቀት ግንብ ላይ የተሰቀለ 24.5 ካሬ ሜትር ሬክቴና ነበር። ከዚህም ከ30 ኪሎዋት የሚበልጥ ኃይል ተቀበሉ። ሬክቴናው ላይ ካረፈው ኃይል ከመቶ 80 እጅ በላይ ወደ ጠቃሚ ኤሌክትሪክ ተለውጧል። ታዲያ 450ው ወዴት ሄደ? መለኪያችን መልሱን ይሰጠናል። በጎልድስቶን ያለው ድርሻ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጨረሩ አብዛኛው በሬክቴናው ዙሪያ አልፎ ወደ በረሃው ሄደ። ሙከራውን ያደረጉት ሰዎች ይህን አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ሊያሳዩ የፈለጉት ሬክቴናው የሚሠራ መሆኑን ነውና። በክርክር ላይ ግን አንዱ «ከመቶ 80» ሲል ሌላው «ከ450 ሠላሳ» ይላል፤ ሁለቱም ቁጥሮች እውነተኛ ናቸው። የየትኛው ነገር ድርሻ እንደሆነ ሳይጠይቁ ቁጥር መጥቀስ እንዴት እንደሚያሳስት የዚህን ያህል ግልጽ ምሳሌ አላገኘንም።

የጎልድስቶን ሙከራ የተደረገበት ምክንያት ፒተር ግሌዘር በ1968 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው አሳብ ነው። ግሌዘር የፀሐይን ብርሃን ሌሊትና ደመና በማይጋርደው በጠፈር ሰብስቦ በማይክሮዌቭ ወደ ምድር መላክ ይቻላል አለ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር አሳቡ ሰሚ አገኘ፤ የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴርና የጠፈር ድርጅቱ ናሳ ከ1977 እስከ 1980 በሰፊው አጠኑት። በጥናቱ እንደተወሰነው እያንዳንዱ ሳተላይት 5 ሚሊዮን ኪሎዋት ለምድር የሚሰጥ ሲሆን፣ የራሱ ስፋት 5 በ10 ኪሎ ሜትር፣ የአንቴናው ስፋት 1 ኪሎ ሜትር፣ በምድር ያለው ሬክቴና ደግሞ 10 በ13 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 13 የሆነው ከምድር ወገብ ርቆ ባለ አገር ጨረሩ አዘንብሎ ስለሚያርፍ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ትልቅነት ሰነፍ መሐንዲስ ያመጣው እንዳይመስልህ። ርቀቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚያው መለኪያ ብናሰላው ድርሻው ከ3 ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከዚህ ቢያንስ ኃይሉ በሜዳ ይፈስሳል። ትንሽ አድርጎ ለመጀመር እንኳ አይመችም፤ የመጀመሪያው ሳተላይት ራሱ በአሥር ሺህ በሚቆጠር ቶን የሚመዘን መሆን ነበረበት።

ስለ አደጋውም ብዙ ተብሏል። ጨረሩ የሚበርን ወፍ እንደሚጠብስና ቢስት ከተማ እንደሚያቃጥል የሚናገሩ ነበሩ። በጥናቱ መሠረት በጨረሩ መካከል ያለው ኃይል በካሬ ሜትር 230 ዋት ነው፤ የቀትር ፀሐይ ወደ 1,000 ዋት ትደርሳለች። ከተማ የሚያቃጥል እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሆኖም በዚህ ሞገድ ለሕዝብ የተፈቀደው ገደብ በካሬ ሜትር 10 ዋት ስለሆነ፣ በሬክቴናው መካከል ሰው ያለ መከላከያ ሊቆም አይገባውም። እንዳይስትም ከምድር የሚላክ መሪ ምልክት ተዘጋጅቶለታል፤ ምልክቱ ሲጠፋ የአንቴናው ክፍሎች መስማማታቸውን ትተው ጨረሩ ይበተናል። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም፤ አሳቡን ያስቀረው ግን ፍርሃቱ ሳይሆን ዋጋው ነው። በ1981 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ገንዘብ እንዳይመደብለት አስተያየቱን ሰጠ፤ ሥራውም ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። የጃፓን ሊቃውንት ሥራውን ይዘው ቀጠሉ፤ በ1983 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሂሮሺ ማትሱሞቶና ባልደረቦቹ በሮኬት አማካይነት ማይክሮዌቭ በላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ሲያልፍ ምን እንደሚደርስበት መረመሩ። በ1987 በካናዳ ክንፉ 4.5 ሜትር የሆነ ሰው አልባ አውሮፕላን በማይክሮዌቭ ኃይል ብቻ በረረ፤ ገመድ ስላልነበረበት ከብራውን ሄሊኮፕተር አንድ እርምጃ ያለፈ ነው። በ1992 ደግሞ ጃፓኖች ከሚሄድ መኪና ጣራ ላይ በሚላክ ጨረር ትንሽ አውሮፕላን አበረሩ። በ2022 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ በ3 ሳንቲ ሜትር ሞገድ 1.6 ኪሎዋት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት አስተላለፈ። ሞገዱ ሲያጥር አንቴናው ያንሳል፤ ከባድ ዝናብ ግን ይበልጥ ያስቸግረዋል። ከጎልድስቶን በኋላ አርባ ሰባት ዓመት አልፎ የተላከው ኃይል ከዚያኛው ማነሱን ያየ ሰው ሥራው ወደ ኋላ ሄደ ሊል ይችላል። እኛ ግን መሣሪያው ምን ያህል እንደተቃለለ መመልከት የሚሻል ይመስለናል።

በጃንዋሪ 2023 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ ትንሽ መሞከሪያ ወደ ጠፈር ላከ። በውስጡ የነበረው ማይክሮዌቭ ሰጪ፣ እንደ ጨርቅ ሊጠቀለል በሚችል ስስ ገበታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ወደ ተቀመጡ ሁለት ተቀባዮች ኃይል ልኮ ትንንሽ መብራቶችን አበራ። ከዚያም ጨረሩን ወደ ምድር አዞሩት። በፓሳዴና ከተማ በኢንስቲትዩቱ ሕንፃ ጣራ ላይ የተተከለው ተቀባይ የጨረሩን መምጣት በተባለው ሰዓትና በተባለው ሞገድ መዘገበ፤ የደረሰው ግን አንዲት አምፖል እንኳ የሚያበራ አልነበረም።